ኮሶ ከበሬው አይጀምርም

በቋንቋችን ሕመሙና መድኃኒቱ በአንድ ስም የሚጠሩበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም። ኮሶ ግን እንዲህ ነው። በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ረጅምና ጠፍጣፋ ትል ኮሶ ይባላል፤ ትሉን ለማስወጣት አበባው ተወቅጦ የሚጠጣው የደጋ ዛፍም ኮሶ ይባላል። ፊቱን ያኮማተረ ሰው ሲያጋጥመን «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» እንላለን። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይዘልፏቸው እንደነበር የታሪክ መጻሕፍት ይነግሩናል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ትሉም መድኃኒቱም ከኅብረተሰባችን ጋር ለብዙ ዘመን አብረው መኖራቸውን ነው።

አብሮ መኖር ግን መላመድን ያመጣል፤ መላመድም ጥያቄን ያስቀራል። ዛሬ ስለ ኮሶ ሲነሳ ከንፈር ላይ ቀድሞ የሚመጣው ፈገግታ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ኮሶ ሊኖርበት እንደሚችል ያውቃል፤ ሲኖርበት መድኃኒት ገዝቶ ይውጣል፤ ከዚያም ወደ ሥጋ ቤቱ ይመለሳል። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት አሳቦች ተደብቀዋል። አንደኛው ኮሶ የግል ጉዳይ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኮሶን የሚያመጣብን በሬው ነው የሚል ነው። በእኛ እምነት ሁለቱም አሳቦች ስሕተት ናቸው። ለዘመናት መድኃኒት እየጠጣን ትሉን ከአገር ማጥፋት ያልቻልንበት ምክንያትም ከእነዚሁ ስሕተቶች ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ኮሶ ከበሬው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ከእኛ ወደ በሬው የሄደ መሆኑን ነው።

ትሉ እንዴት ይኖራል?

የበሬ ሥጋን ተከትሎ የሚመጣው የኮሶ ትል በሳይንሳዊ ስሙ ቴኒያ ሳጂናታ ይባላል። አፍና አንጀት የለውም። በተሸካሚው ሰው ትንሹ አንጀት ውስጥ ተቀምጦ የተፈጨውን ምግብ በቆዳው በኩል ይመጣል። በጣም ትንሽ በሆነው ራሱ ላይ አራት መምጠጫዎች አሉት፤ በእነርሱ የአንጀቱን ግድግዳ ይጨብጣል። ከራሱ ቀጥሎ ያለው አንገት ያለማቋረጥ አዳዲስ ቁራጮችን ያበቅላል። የበሰለ ትል ብዙውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 የሚደርሱ ቁራጮች ይኖሩታል። ርዝመቱ በአብዛኛው እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ እጅግ የሚበልጡም ተመዝግበዋል። ሳይታከም ከቀረም በሰው ውስጥ ለዓመታት ሊኖር ይችላል።

እያንዳንዱ ቁራጭ የወንድም የሴትም የመራቢያ አካል አለው። ወደ ጅራቱ በኩል ያሉት ቁራጮች በዕንቁላል የተሞሉ ናቸው፤ በአንዱ ቁራጭ ውስጥ ከ80,000 እስከ 100,000 የሚደርስ ዕንቁላል ሊኖር ይችላል። እነዚህ የሞሉ ቁራጮች በቀን እስከ ስድስት ያህል እየተቆረጡ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ከዓይነ ምድር ጋር ሲወጡ ሌሎቹ በራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ይወጣሉ። ብዙ ሰው ኮሶ እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ነጭ፣ ጠፍጣፋና የሚንቀሳቀስ ነገር በልብሱ ወይም በዓይነ ምድሩ ላይ ሲያይ።

እስቲ ቀላል ስሌት እንሥራ። በቀን ስድስት ቁራጭ፣ በቁራጭ 80,000 ዕንቁላል ብንይዝ በቀን 480,000 ዕንቁላል ይሆናል። በዓመት ሲታሰብ ከ175 ሚሊዮን ይበልጣል። ይህ ሁሉ ከአንድ ትል፣ ማለትም በአብዛኛው ከአንድ ሰው የሚወጣ ነው።

ዕንቁላሉ በዐይን አይታይም። ሜዳ ላይ ከተጣለ በዝናብ ውኃ እየታጠበ ወደ ግጦሽ፣ ወደ ወንዝና ወደ ኩሬ ይሄዳል። እርጥበትና ቀዝቃዛ አየር ካገኘ ለወራት ሕይወቱን ጠብቆ ሊቆይ ይችላል። ከብት ከሣር ጋር ሲውጠው በከብቱ አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከዕንቁላሉ የወጣው ረቂቅ ፅንስም የአንጀቱን ግድግዳ ሰርስሮ ወደ ደም ሥር ይገባል። በደም ተጉዞ ጡንቻ ውስጥ ሲደርስ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ፈሳሽ የቋጠረ ነጣ ያለ ከረጢት ይሆናል። በከረጢቱ ውስጥ የወደፊቱ ትል ራስ ተጣጥፎ ይጠብቃል። ሰው ሥጋውን ሳይበስል ሲበላ ራሱ ይዘረጋል፣ አንጀቱን ይጨብጣል፣ ያድጋል። ዑደቱም እንደገና ይጀመራል።

በዚህ ዑደት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነጥብ አለ። ቴኒያ ሳጂናታ ወደ ሙሉ ትልነት የሚያድገው በሰው ውስጥ ብቻ ነው። በጅብ፣ በውሻ፣ በአሞራ ወይም በበሬው በራሱ አንጀት ውስጥ አያድግም። ስለዚህ በግጦሹ ላይ የተገኘ እያንዳንዱ የዚህ ትል ዕንቁላል ከሰው የወጣ ነው። በሬው ሥጋውን ያበላሸብን ጠላት ሳይሆን እኛ ባለመጠንቀቃችን የታመመ እንስሳ ነው። ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሩዶልፍ ሎይካርት በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል። ከሰው የወጣ የትል ዕንቁላል ለጥጃ አብልቶ በጥጃው ጡንቻ ውስጥ ከረጢቶቹን አገኘ። ከዚያ በፊት ትሉና ከረጢቱ የተለያዩ ፍጥረታት ይመስሉ ነበር።

የበዓላት ስሌት

ዑደቱ በአገራችን የቀን መቁጠሪያ ላይ ቢቀመጥ ምን ይመስላል? ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። አንድ ሰው ፋሲካ በሚያዝያ አጋማሽ በዋለበት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ጾም በኋላ ጥሬ ሥጋ በላ እንበል። ሥጋው ውስጥ አንድ ሕያው ከረጢት ነበረ። ትሉ አድጎ ቁራጭ ማውጣት እስኪጀምር ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ይህ ማለት የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይወጣሉ ማለት ነው። ይህ ጊዜ ክረምት ነው። ዝናቡ ዓይነ ምድርን ከሜዳ ወደ ግጦሽ ያጥባል፤ ሣሩ ይለመልማል፤ ከብቱም ያንኑ ሣር ይግጣል።

በሐምሌ መጀመሪያ ዕንቁላል የዋጠ ወይፈን በጡንቻው ውስጥ ያለው ከረጢት ሰውን ለመያዝ ብቁ እስኪሆን 10 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ቀኑን ስንቆጥር መስቀል ሰሞን ላይ ደረስን። ትንሽ ቢዘገይም ለገና ይደርሳል። በመስቀል ክትፎ፣ በገና ቁርጥ ይበላል። በገና የተያዘ ሰው ደግሞ በፋሲካ ዋዜማ ገደማ መድኃኒት ፈላጊ ይሆናል።

ይህ ምሳሌ ነው እንጂ ትሉ በዓል አይቆጥርም። ከረጢቱም በከብቱ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ሕይወት ይዞ ስለሚቆይ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ስሌቱ የሚያስረዳን ግን አንድ ነገር አለ። በድሮ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኙ ተጓዦች ሰዉ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ እንደሚጠጣ ጽፈዋል። ይህ ልማድ ከትሉ የእድገት ጊዜ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ ይሏል። መድኃኒቱ ረጅሙን አካል አውጥቶ ራሱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ አንገቱ እንደገና ያበቅላል፤ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላም ቁራጮቹ ይታያሉ። ራሱ ከወጣም ሌላ ጥሬ ሥጋ ሌላ ትል ያመጣል። ያም ሆነ ይህ መጠጡ ማቆሚያ አልነበረውም።

የአበው ዕውቀትና ወሰኑ

ይህን ስንል የአበውን ዕውቀት ለማናናቅ አይደለም። የኮሶ ዛፍ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሃጌኒያ አቢሲኒካ፣ ወንዴና ሴቴ ዛፉ የተለያየ ነው። ለመድኃኒት የሚሰበሰበው በተለይ ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ይህን የለዩት ባለ ማይክሮስኮፕ ሊቃውንት አልነበሩም፤ ደጋግመው አይተው ያገናዘቡ የአገር ባለመድኃኒቶች ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮፓውያን አስተዋውቋል። በ19ኛው መቶ ዘመንም የኮሶ አበባ ወደ አውሮፓ እየተላከ በመድኃኒት መጻሕፍታቸው ተመዝግቧል። እንቆቆ፣ መተሬ፣ ቀጨሞና የዱባ ፍሬም ለዚሁ አገልግሎት ሲውሉ ኖረዋል።

ሆኖም ኮሶ መድኃኒት የሆነበት ንጥረ ነገር መርዝም ነው። ልኩ ሲበዛ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ የዓይን ነርቭን በመጉዳት የማየት ችሎታን ሊያሳጣ እንደሚችል በሕክምና ጽሑፎች ተዘግቧል። ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። አበባው ከየትኛው ዛፍ፣ በየትኛው ወቅት እንደተለቀመና ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ ኃይሉን ስለሚለዋውጠው «አንድ ብርጭቆ» የሚባለው ልክ አንድ ዓይነት ልክ አይደለም። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉ መድኃኒቶች ስላሉ ይህን አደጋ መጋፈጥ አያስፈልግም። በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ትሉን ከነራሱ ለማስወገድ ያስችላሉ። በየትምህርት ቤቱ ለአንጀት ትሎች የሚታደለው አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ግን በዋናነት እንደ ወስፋት ላሉት ትሎች የታሰበ ስለሆነ ለኮሶ አስተማማኝ አይደለም።

ወደ ዋናው ነጥባችን እንመለስ። ከኮሶ አበባም ይሁን ከፋብሪካ የመጣ፣ መድኃኒቱ የሚያድነው የጠጣውን ሰው ነው። ትሉ በወጣበት ዕለት ምን ይሆናል? በዕንቁላል የተሞሉት ቁራጮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። መድኃኒቱ ትሉን ቢገድለውም ዕንቁላሎቹን እንደገደለ መቁጠር አይቻልም። መድኃኒት የጠጣው ሰው ከቤቱ ጓሮ ወይም ከወንዝ ዳር ከተጸዳዳ፣ የተፈወሰበት ቀን ለአካባቢው ከብቶች ከቀናት ሁሉ የከፋ ቀን ይሆናል። ስለሆነም የኮሶ መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ሁሉ «በዛሬውና በሚቀጥሉት ቀናት መጸዳጃ ቤት ብቻ ተጠቀም» ብሎ ቢያዝ ኪኒኑን ከመስጠት ያላነሰ ሥራ ሠራ እንላለን።

ሚጥሚጣ፣ አረቄና «ንጹሕ ሥጋ»

በተማሪዎች ዘንድ ሳይቀር የሚሰሙ ጥቂት እምነቶች አሉ። አንደኛው ሚጥሚጣ፣ አዋዜ ወይም ሰናፍጭ ትሉን ያቃጥለዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ከሥጋው በኋላ የሚጠጣ አረቄ ይገድለዋል የሚል ነው። ከረጢቱ የተቀበረው በሥጋው ውስጥ ነው፤ ቅመሙ የሚነካው ላዩን ነው። አረቄውም ሆድ ውስጥ ከምግቡና ከሌላው ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይሳሳል። ትሉ የሆድን ጠንካራ አሲድ ተቋቁሞ ለማለፍ የተዘጋጀ ፍጥረት መሆኑም አይዘንጋ።

ሦስተኛው እምነት ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ እንደ በሰለ ይቆጠራል የሚል ነው። ሥጋ ለብ ማለቱና መብሰሉ የተለያዩ ናቸው። ያልተፈጨ ሥጋ መካከሉ ድረስ ቢያንስ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስና ከእሳት ከወጣ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት። ለተፈጨ ሥጋ የሚመከረው 71 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት የሥጋው መካከል ቀይነቱ መጥፋቱ ይታያል። ጥሬውን መብላት ለሚፈልግ ሰው ያለው ሌላ አማራጭ ማቀዝቀዝ ነው። ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ለ10 ቀናትና ከዚያ በላይ ከቆየ ከረጢቶቹ ይሞታሉ። ተራው የማቀዝቀዣ ክፍል ግን ሥጋውን እንዳይበላሽ ከማድረግ አልፎ ትሉን አይገድልም።

አራተኛው እምነት ከሁሉም ይበልጥ አሳሳቢ ነው። ይኸውም «ሥጋው ንጹሕ ነው፤ አይቼዋለሁ» የሚለው ነው። የቄራ ሥጋ ተቆጣጣሪዎች የመንጋጋ ጡንቻን፣ ምላስን፣ ልብን፣ ድያፍራምንና የትከሻ ጡንቻን ቆርጠው ያያሉ። ይህ ምርመራ አስፈላጊ ነው፤ ብዙ ከረጢት ያለበትን ከብት ይለያል። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪው የበሬውን ሥጋ ሁሉ አይከትፈውም፤ ቢከትፈው ለገበያ የሚቀርብ ሥጋ አይኖርም። ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበት ከብት ሳይታወቅ ሊያልፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የቄራ ማኅተም አደጋውን ይቀንሰዋል፤ ጥሬውን ለመብላት ዋስትና ግን አይሆንም።

የሠለጠነ ተቆጣጣሪ በቂ ብርሃን ባለበት ቄራ የሚያመልጠውን፣ በዓል ዋዜማ በግቢ ውስጥ በሚታረድ የቅርጫ በሬ ላይ ማን ያገኘዋል? ቅርጫ የጎረቤትን ፍቅር የሚያጠብቅ፣ አቅም ያነሰውም በዓልን በሥጋ እንዲውል የሚያደርግ መልካም ባህል ነው። ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፍሎ ዕጣ ሲወጣ ግን ከሥጋው ጋር ከረጢቱም ዕጣ ይወጣበታል። በአንድ በሬ ውስጥ ያሉ ጥቂት ከረጢቶች ወደ ብዙ ቤቶች ይከፋፈላሉ።

ለምን እንጨነቅ?

«ኮሶ ሰው አይገድልም፤ ስለ ምን ይህን ያህል ትጽፋላችሁ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርግጥ ከአሳማ ሥጋ የሚመጣው ወንድሙ ቴኒያ ሶሊየም እጅግ የከፋ ነው። የእርሱን ዕንቁላል የዋጠ ሰው ከረጢቶቹ በአንጎሉ ውስጥ ተቀምጠው የሚጥል በሽታ ሊያስከትሉበት ይችላሉ። የበሬው ትል ዕንቁላል በሰው ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት አያደርስም። ብዙ ተሸካሚዎች የሚሰማቸው ቀላል የሆድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መለዋወጥና ኀፍረት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል የቴኒያ በሽታዎችን ቢመዘግብም፣ ትኩረቱ ያረፈው በአሳማው ትል ላይ ነው። የእኛው ኮሶ ከተረሱትም መካከል የተረሳ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልስ አለን። አንደኛ፣ ሕመሙ ቀላል ቢሆንም ጉዳቱ በሌላ ሰው ላይ ያርፋል። በሬው ከረጢት በዝቶበት በቄራ ሲወገድ የሚከስረው ዓመት ሙሉ የቀለበው ገበሬ ወይም ነጋዴ ነው። ጥቂት ከረጢት የተገኘበት ሥጋም እንዲቀዘቅዝ ሲደረግ ዋጋው ይቀንሳል። በከብት ብዛት በአፍሪካ ቀዳሚ የሆነች አገር ሥጋዋን ለውጭ ገበያ ስታቀርብ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ኮሶ ምልክት ነው። የኮሶ ዕንቁላል ወደ ግጦሽ የደረሰበት መንገድ የአሜባ፣ የታይፎይድና የወስፋት መንገድ ነው። በአንድ አካባቢ ብዙ ከብት ከረጢት ካለበት፣ በዚያ አካባቢ የሰው ዓይነ ምድር ከአፈርና ከውኃ ጋር እየተቀላቀለ ነው ማለት ነው። ቄራው ለሚያነበው ሰው ስለ መጸዳጃ ቤታችን ይመሰክራል።

ሦስተኛ፣ ትሉ ሊሸነፍ የሚችል ነው። ብዙ ጥገኛ ፍጥረታት በዱር እንስሳት ውስጥ ስለሚደበቁ እነርሱን ማጥፋት አስቸጋሪ ነው። ይህ ትል ግን ከሰው በቀር የሚበስልበት ሌላ ቤት የለውም። ሊጠፋ የሚችልን ጠላት በቸልታ አብሮ ማኖር ደግሞ ለሳይንስ ተማሪ የሚያኮራ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

«ጥሬ ሥጋ አትብሉ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ እኛም እንደግመዋለን። የሚሰማ ሁሉ በዚህ ምክር ራሱን ያድናል። ነገር ግን በሠርግ፣ በክርስትናና በበዓል የከበረን ምግብ በምክር ብቻ ከገበታ ማንሳት እንደማይቻል የብዙ ዓመት ልምድ ያስተምራል። በፈረንሳይና በቤልጂየምም የተፈጨ ጥሬ የበሬ ሥጋ በምግብ ቤት ይቀርባል። ትሉ በእነርሱ ዘንድ ጨርሶ ባይጠፋም እንደ እኛ የየቤቱ ወሬ አይደለም። ልዩነቱ የተፈጠረው መጸዳጃ ቤት በሁሉም ቤት ስላለ፣ ፍሳሹ ስለሚጣራ፣ ከብቱ ሁሉ በምርመራ ስለሚታረድና የተጠረጠረው ሥጋ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ይህ የሚያሳየው ሰንሰለቱ ሁለት ቦታ ላይ እንደሚበጠስ ነው፤ አንዱ ምድጃው ላይ፣ ሌላው መጸዳጃ ቤቱ ላይ። እስከ ዛሬ የተናገርነው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የመጸዳጃ ቤት ግንባታን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ብዙ ለውጥ አምጥቷል። ሜዳ ላይ መጸዳዳትም ከቀድሞው በእጅጉ ቀንሷል። ይሁን እንጂ መጸዳጃ ቤት ሲቆፈር ለገበሬው የሚነገረው ስለ ልጆቹ ተቅማጥ ነው። «ይህ ጉድጓድ በሬህንም ይጠብቃል» ተብሎ ቢነገረው አንድ ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል ብለን እናምናለን። የከብት እረኞች በሚውሉበት መስክ፣ በገበያ ቦታ፣ በመንገድ ሥራና በመኸር ሰሞን የቀን ሠራተኞች በሚሰባሰቡበት እርሻም መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋል። ቤቱ መጸዳጃ ያለው ሰውም የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው ውጭ ነውና።

የሐኪሙና የእንስሳት ሐኪሙ መረጃም መገናኘት አለበት። ቄራው ከረጢት ያለበት በሬ ሲያገኝ በሬው ከየት እንደመጣ ተመዝግቦ ለዚያ ወረዳ ጤና ጣቢያ ቢደርስ፣ ጤና ጣቢያው ተሸካሚዎችን ፈልጎ ማከም ይችላል። አሁን በብዙ ቦታ የሚሆነው ግን ሥጋው ተወግዶ ነገሩ እዚያው መቅረቱ ነው። ሐኪሙ ሰውን ያክማል፣ ተቆጣጣሪው ሥጋን ይጥላል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ሜዳ የሚያየው የለም።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ ከዚህ የቀረበ ድርሻ አለ። ትል ያየ ጓደኛችሁ ሲያፍር ወይም ሲስቅ፣ ቁራጩን በንጹሕ ዕቃ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ እንዲሄድ ንገሩት። የበሬውና የአሳማው ትል ዕንቁላሎች በማይክሮስኮፕ አይለዩም፤ ቁራጩ ግን በማኅፀኑ ቅርንጫፎች ብዛት ይለያል። በሰፈር ቅርጫ ሲገባ የሥጋ ተቆጣጣሪ እንዲጠራ ወይም ከቄራ እንዲታረድ ሐሳብ አቅርቡ። የባዮሎጂ ክበብ ያላችሁ ትምህርት ቤቶች የትሉን ዑደት በወረቀት ስታስሉ ብዙ ጊዜ ከበሬው ትጀምራላችሁ፤ ቀስቱ ከበሬው ወደ ሰው ይሄዳል። ከአሁን በኋላ ከሰው ጀምሩት። ክብ መስመር ከየትም ቢጀመር ያው ነው ትሉ ይሆናል። ለጂኦሜትሪ እውነት ነው። ለኃላፊነት ግን ከየት እንደሚጀመር ለውጥ ያመጣል። ከበሬው ሲጀመር ሰው ተጠቂ ይሆናል፤ ከሰው ሲጀመር ሰው መፍትሔ ሰጪ ይሆናል።

የኮሶ ዛፍ በደጋው ላይ ይኖራል፤ ውብ ዛፍ ነው፣ በውበቱም ሊጠበቅ ይገባዋል። የምንመኘው ስሙን ከትሉ ጋር መጋራቱ የሚቀርበትን ጊዜ ነው። የሚቀጥለው ትውልድ ተማሪ «ኮሶ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቀይ አበባ ያንጠለጠለውን ዛፍ ብቻ ካሰበ፣ ሌላው ትርጉም ደግሞ ከመዝገበ ቃላት ተፈልጎ የሚገኝ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው።